ባለ ሁለት ዲፈረንሻል

ኮልፌ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ነበር። አንድ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ፣ ከሐዲድ ቁራጭ የተሠራ መቀጥቀጫ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ መሬት፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የባሕር ዛፍ አጠና ክምር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስሁ፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ባለ ጋራዥ በለማጅነት ተቀበሉኝ። ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው፤ ዛሬም የምጠራቸው እንደዚያው ነው።

መኪና ወደ ኮልፌ የሚመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። የአምቦ መንገድ በአስኮና በቡራዩ፣ የጅማ መንገድ ደግሞ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና በኩል ነው ከከተማው የሚወጣው። ክረምት ላይ ከምዕራቡ ጭቃ የሚመለስ መኪና ቀድሞ የሚደርሰው እኛ ሰፈር ነው። መለዋወጫ ሲቸግር ሶማሌ ተራ በእግር ይደረሳል። ስለዚህ በጋሼ ጉድጓድ ላይ ከሚቆሙት ብዙዎቹ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ማለትም በአራቱም እግራቸው መሄድ የሚችሉ ነበሩ፤ ላንድሮቨር፣ ላንድ ክሩዘር፣ ሃይሉክስ፣ አልፎ አልፎም የሩሲያዋ ላዳ ኒቫ።

ጋሼ እነዚህን መኪኖች በፋብሪካ ስማቸው አይለዩዋቸውም ነበር። "ይሄ ሲጠየቅ ነው፤ ይቺ ሳትጠየቅ ናት" ይሉ ነበር። የድሮው ላንድሮቨር በደረቅ መንገድ የሚገፋው በኋላ እግሩ ብቻ ነው፤ ሹፌሩ ጭቃ ሲያይ የፊቱን ማርሽ ያስገባና ያን ጊዜ የፊቱም ይጎትታል። ይህ "ሲጠየቅ" የሚሉት ነው። ኒቫ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ቶሊያቲ ከተማ ካለው ፋብሪካ መውጣት ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ አራቱም እግሮቿ ሁልጊዜ ይሠራሉ። መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ርቀት ስለማይሄዱ፣ በሁለቱ ወገን መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል አላት። ይህ መሐለኛው ጉልበቱን ለሁለቱም ያካፍላል፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ ይችላቸዋል። ጭቃ ላይ ግን ይኸው ቻይነት ጉዳት ነው፤ መሬት ያልያዘው ጎማ በባዶ ይሽከረከርና መሬት የያዘው ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። ለዚያ ጊዜ ሹፌሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ ማንሻ መሐለኛውን ትቆልፈዋለች።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስለ ሀጂ ኒቫ ለመናገር ነው።

ሀጂ እንጨት ነጋዴ ነበሩ፤ የስልጤ ሰው፣ ለሰፈሩ ሁሉ ታላቅ። ኒቫቸውን ይዘው ወደ ሆለታ ይወጡና አጠና ይገዛሉ። አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ አቁመዋት ገቡና፣ "ወንድሜ፣ ሞተሩን አውርደው አድሰውልኛል፤ አዲስ ሆኗል ብለውኛል። ዳገት ላይ ግን ታለቅሳለች" አሉ። ሥራው የተሠራው ሌላ ጋራዥ ነው። ጋሼ ስለ ሌላ ባለሙያ ሥራ ክፉ አይናገሩም ነበርና "እንያት ሀጂ፤ እርስዎ ሻይ ይጠጡ" ብለው ኮፈኑን ከፈቱ።

ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ካንዴላዎቹ ደህና ነድደዋል፤ ድምፁም የተስተካከለ ነው። መካኒክ እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። ባለቤቱ "ጉልበት የለውም" ይላል፤ ሞተሩ "አለኝ" ይላል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈርድ መሣሪያ ኮልፌ ውስጥ አልነበረንም። ጋሼ የነበራቸው የእጅ ሰዓትና የእንጦጦ ዳገት ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው መንገድ ላይ ሁለት ምልክት ነበራቸው። አንደኛው የድንጋይ ግንብ ጥግ ነው፤ ሁለተኛውን አሁን አላስታውሰውም። በአንድ ማርሽ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ሁልጊዜ በዚያው የሰው ቁጥር፣ ከምልክት እስከ ምልክት ያለውን ጊዜ ይይዛሉ። ጋሼ ቀመር አይጽፉም፤ ከሌላ ጤነኛ መኪና ጋር ነው የሚያነጻጽሩት። ሂሳቡን ያወቅሁት በኋላ፣ ማታ ማታ ተግባረ ዕድ ስማር ነው። ከነሰዎቹ 1,400 ኪሎ የምትመዝን መኪና በ60 ሰከንድ 100 ሜትር ከፍታ ከወጣች፣ ክብደቷን ለማንሳት ብቻ ያወጣችው ጉልበት 23 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ በፈረስ ጉልበት 31። አየሩን ለመግፋትና ጎማ ለማንከባለል የሚሄደው ሲጨመርበት ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህን ያሰላሁ ቀን ጋሼ ሳይማሩ የደረሱበት ነገር ምን ያህል ትክክል እንደነበር ገባኝና ደስታው አላስተኛ አለኝ።

አዲስ አበባ ላይ ስለ መኪና ጉልበት የሚናገር ሰው ከፍታውን ሊረሳ አይገባም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ፣ አንዳንዴም ከአራት አንድ ያጣል። የኒቫ ሞተር በፋብሪካ ወረቀት 80 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው፤ ኮልፌ ላይ 60 እና ከዚያ ጥቂት በላይ ቢገኝ ጤነኛ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቦራቶር ደግሞ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይጨቀያል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ያልታመመ ሞተር አስወርዶ ገንዘቡን እንደበተነ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

የሀጂ ኒቫ ግን ከፍታው ከሚወስደው በላይ ነበር ያጣችው። የሌላ ደንበኛ ኒቫ ከወጣችበት ጊዜ በጣም ዘገየች። ጋሼ አልተናገሩም። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን አስወጥተው ለቀቋት። እንደሌላዋ አልተንከባለለችም። የሆነ ነገር ይይዛታል። ፍሬኑ እንዳልሆነ የፊት ዲስኮቹንና የኋላ ከበሮዎቹን በእጃችን ዳስሰን አረጋገጥን፤ አልጋሉም። በጠባቡ መታጠፊያ ላይ መሪው ከብዶ ጎማው ሲንጫጫ ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው "ሞተር አይደለም" አሉ።

ጋራዥ እንደደረስን "የፊቱን ካርዳን አውርዱት" የሚል ትእዛዝ መጣ። ካርዳኑ ጉልበቱን መሐለኛው ካለበት ማከፋፈያ ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ዘንግ ነው። 13 ቁልፍ፣ በየጫፉ አራት ቡሎን። ጋሼ አንድም ዳዶ ከመላላቱ በፊት በነጭ ቀለም ዘንጉና የሚያያዝበት ክብ ብረት ላይ ባንድነት መስመር ያስሰምሩናል። ዘንጉ ከፋብሪካ ሲወጣ ሚዛኑ ተጠብቆ ነው፤ የሁለቱ ጫፍ ክሮቸራዎችም በአንድ አቅጣጫ መዋል አለባቸው። ባልነበረበት አኳኋን ከተመለሰ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቱም ያልነበረ በሽታ ይዞ ይመለሳል።

ዘንጉ ወረደ። አሁን ኒቫዋ ከኋላ ብቻ የምትገፋ መኪና ለመሆን አንድ ነገር ይቀራታል፤ መሐለኛው መቆለፍ አለበት። ካልተቆለፈ የፊት ወገን የሚጎትተው ነገር ስለሌለ መውጫው በባዶ ይሽከረከራል፣ ጉልበቱ ሁሉ በዚያ ያልቃል፣ መኪናዋ ባለችበት ትቆማለች። ጋሼ ግን የነገሩኝ ተቃራኒውን ነበር።

"ማንሻውን ፍታው" አሉኝ።

"አትሄድማ ጋሼ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። አንደኛ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ።"

ለቀቅሁ። ሄደች። ማንሻው ተፈትቷል እያለ፣ የፊት ዘንጓ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ኒቫዋ ቀስ ብላ ወደ በሩ አመራች። ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡና "ሀጂ! ይምጡ፣ መኪናዎ ተቆልፋ ነው የምትኖረው!" ብለው ተጣሩ።

ማንሻው ላይ የሚታየው መፍታት ከውስጥ አልደረሰም ነበር፤ የሚገፋው ሹካ ዝጎ ተቆልፎ ቀርቷል። ዳሽቦርዱ ላይ "ተቆልፏል" የምትለዋ አምፖል ተቃጥላለች። ሀጂ ደግሞ ከዚያ ቀደም ለፊት ብቻ አዲስ ጎማ ገዝተዋል፤ የኋላው የተላጨ ነው። የተላጨ ጎማ ዙሪያው ያንሳል፤ እኩል መንገድ ለመሄድ ይበልጥ መዞር አለበት። መሐለኛው ክፍት ቢሆን ይህን ልዩነት ይችለው ነበር። ተቆልፎ ግን ፊቱና ኋላው በደረቅ አስፋልት ላይ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ጎማ ይበላል፣ ነዳጅ ይሄዳል፣ ሞተሩ ምንም ቢታደስ አይበቃም። ይህ ሲገለጽላቸው ሀጂ ቆመው ቆዩና "ታዲያ ይሄን ሁሉ ቤንዚን የከፈልኩት ለጎማዎች ጠብ ነው?" አሉ። ጋሼ ማከፋፈያውን አውርደው ሹካውን አጸዱ፣ ዘይቱን ቀየሩ፣ ጎማዎቹን አንድ ዓይነት አስደረጉ። ቁርጥ ያለ ትእዛዛቸው ግን የመጨረሻው ነበር፤ ዘንጉ በነጩ መስመር ገጥሞ ካልታሰረና እሳቸው ራሳቸው እያንዳንዱን ዳዶ ካልነኩ ቁልፍ ለባለቤቱ አይሰጥም። "ግማሽ መኪና ከዚህ በር አይወጣም" ይሉ ነበር።

ይህን ታሪክ ለብዙ ወጣት መካኒኮች ነግሬአለሁ። የሚገርማቸው ጥፋቱ መገኘቱ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ጋሼ መኪናዋ መሄድ የሌለባትን ሁኔታ አስቀድመው ማዘጋጀታቸው ነው። አራቱም እግር በሚሠራበት ጊዜ አንዱ የሌላውን ጥፋት ይሸፍናል። አንዱን መንገድ አውቀው ቆረጡ፣ ከዚያ የቀረውን ጠየቁ። ከትምህርት ቤት ያገኘሁት ሁሉ ተደምሮ ይህን አያክልም ብል አላጋነንሁም።

ተግባረ ዕድ ውስጥ ዳይናሞሜትር የሚባለውን መጀመሪያ በሥዕል አየሁት፤ ባለሙያዎቹ ዳይኖ ይሉታል። ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ እ.ኤ.አ. በ1821 የሚዞርን ዘንግ በእንጨት አቅፎ፣ እንጨቱ አብሮ እንዳይዞር የሚከለክለውን ክብደት በመለካት የሞተርን ጉልበት ማወቂያ ሠራ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፍሩድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1877 ለትልልቅ የመርከብ ሞተሮች በውኃ የሚገታውን አመጣ። የመኪናው ዳይኖ የእነዚህ ዘር ነው፤ ጎማው ወለል ውስጥ በተቀበረ ሮለር ላይ ይዞራል፣ ሮለሩ ጉልበቱን ይለካል።

በዓይኔ ያየሁት ግን ዴንቨር ነው። እህቴ እዚያ ትኖር ስለነበር ሄጄ ጥቂት ዓመት አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠራሁ። የእኛ ሰው የበዛበት ከተማ ነው፤ ደግሞም ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ያለ፣ በረዶ የሚጥልበት አገር ስለሆነ በአራት እግሩ የሚሄድ ሱባሩ መንገዱን ሞልቶታል። የጋራዡ ዳይኖ ለሁለት ጎማ ብቻ የተሠራ ነበር። ባለ አራት እግር መኪና እንዲሁ ቢወጣበት የፊቱ በሮለሩ ላይ ሲበር የኋላው መሬቱን ገፍቶ መኪናውን ከማሽኑ ላይ ያስወነጭፈዋል፤ በገመድ ቢያዝ ደግሞ መሐለኛው ይቃጠላል። ስለዚህ መኪናው ከመለካቱ በፊት ባለ ሁለት እግር መደረግ ነበረበት።

አሠራሩ እንደ መኪናው ይለያያል። በአንዳንድ አውቶማቲክ ሱባሩዎች ኮፈኑ ሥር ባዶ የፊውዝ ቦታ አለ፤ ፊውዝ ሲሰካበት ወደ ኋላ የሚያደርሰው ክላች ይለቃል። በእጅ ማርሽ የሚሄደው ከባድ ነው። የኋላው ዘንግ በቡሎን የታሰረ ሳይሆን ጫፉ ካምቢዮው ውስጥ ተንሸራትቶ የሚገባ ነው፤ ሲወጣ ዘይቱ ይፈሳልና ቀዳዳው በልክ በተሠራ መዝጊያ መደፈን አለበት። መሐለኛውን የሚገታው ደግሞ ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ ስስ ዲስኮች ናቸው። አንዱ ወገን ሲበር ሌላው ከቆመ ፈሳሹ ይግላል፣ ዲስኮቹ ይጠፋሉ። ስለዚህ ካምቢዮው ተከፍቶ በቦታው ጠጣር ብረት ይገባል። ለአንድ ከሰዓት ልኬት የሁለት ቀን ሥራ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሲያስረዱኝ የሀጂ ኒቫ ዓይኔ ላይ ነበረች፤ መሐለኛው ካልተቆለፈ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ማንም ሁለቴ ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ስለ ቁጥሩ ግን ያኔም ሆነ ዛሬ የማልለውጠው አስተያየት አለኝ። ባለ ሁለት እግር የተደረገ መኪና የኋላ ዲፈረንሻሉን ስለማያዞር በመንገድ ላይ ከሚሰጠው የበለጠ ጉልበት ሊያሳይ ይችላል፤ ጉልበቱ ሁሉ በሁለት ጎማ ሲወጣ ጎማው ሮለሩ ላይ ከተንሸራተተ ደግሞ ያነሰ። የሚወጣው ወረቀት በመንገድ ላይ የሌለ መኪና ወረቀት ነው። በዚያ ላይ ኮምፒዩተሩ ለከፍታው ማስተካከያ ይጨምርና መኪናው ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ይሰጥ የነበረውን ያትማል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የጎደለውን አየር በአብዛኛው ራሱ ያሟላል፤ ያልጠፋበትን ነው የሚመልሱለት። ደንበኛው ያንን ወረቀት ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ልኬቱ የሚጠቅመው አንድ ነገር ተለውጦ፣ መኪናው በዚያው ሁኔታ ላይ እያለ፣ በፊትና በኋላ ሲነጻጸር ነው። ጋሼ በእንጦጦ ዳገት ላይ የሰው ቁጥር እንኳን የማይቀይሩት ለዚህ ነበር። ዳገቱ ደግሞ ሮለሩ የማይችለውን ይችል ነበር፤ መኪናዋን ሙሉ እንደሆነች ይቀበላታል።

ስመለስ አዲስ አበባም ሮለር ገብቷል፤ ለጉልበት ሳይሆን ለፍሬን። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የታዘዘውን ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ አልፎ ቦሎ ለማግኘት መኪናው ሮለሮች ላይ ይወጣል፤ ሮለሮቹ በኤሌክትሪክ ቀስ ብለው ጎማውን ያዞራሉ፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ የግራና የቀኙ ኃይል ይለካል። ፍጥነቱ የእግረኛ ነው፤ ያም ሆኖ ለባለ አራት እግር መኪና ያው ችግር አለ። አንድ የምርመራ ቦታ ላይ፣ ሁልጊዜ በአራት እግሯ የምትሄድ መኪና መሐለኛዋ ተቆልፎ ሮለር ላይ ወጥታ፣ ማሽኑ የፊቱን ሲያዞር የኋላ ጎማዋ ገፍቷት ወደፊት ስትዘልል አይቻለሁ። ፊት ለፊት ሰው አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መርማሪው ልጅ ነበር፤ ማንም አላስተማረውም።

መፍትሔው ደስ የሚል ነው። የተሻሉት ማሽኖች የግራውን ጎማ ወደፊት ሲያዞሩ የቀኙን በዚያው ፍጥነት ወደኋላ ያዞራሉ። ሁለቱ ጎማዎች በተቃራኒ ሲዞሩ የዲፈረንሻሉ ቤት ባለበት ይቆማል፤ ካርዳኑ አይዞርም፤ ሌላኛው አክስል ምንም አይሰማም። ዘንግ ሳይወርድ፣ ቡሎን ሳይፈታ፣ መኪናው ለዚያች ደቂቃ ባለ ሁለት እግር ይሆናል። የአንዱ ጎማ ፍሬን በአንደኛው ዙር፣ የሌላው በሁለተኛው ይለካል። ይህን ለጋሼ ሳስረዳቸው በሁለት እጃቸው አየር ላይ እያዞሩ ደጋግመው ሞከሩትና "ይሄን ያሰበ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ያውቃል" አሉ።

ጋሼ ዛሬ ጉድጓድ አይወርዱም። ጋራዡን ልጆቻቸው ይዘውታል፤ እኔም በሳምንት ጥቂት ቀን እየሄድሁ አስተምራለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግቢው ውስጥ የሚቆመው ተለውጧል። ቢዋይዲ አለ፣ ቮልስዋገን አይዲ 4 አለ። አንዳንዶቹ ባለ ሁለት ሞተር ናቸው፤ አንድ ለፊት፣ አንድ ለኋላ። ጋሼ አንዱ ሊፍት ላይ ሳለ በከዘራቸው ተደግፈው ከሥሩ አዩና "ካርዳኑስ?" አሉኝ።

የለም አልኳቸው። ፊቱንና ኋላውን የሚያስማማው ኮምፒዩተር ነው። እንዲህ ያለ መኪና በሁለት ጎማ ሮለር ላይ ሲወጣ ፊቱ እየዞረ ኋላው መቆሙን ያያል፤ በረዶ ላይ የተንሸራተተ ይመስለውና ጉልበቱን ይቆርጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች ለሮለር የሚሆን ልዩ ሁኔታ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያስገባሉ፤ ያ ሲመረጥ መቆጣጠሪያው ይታገሣል።

"እና እኛ ምን እንፈታለን?" አሉ።

ከወለሉ በታች የሚያልፉትን ብርቱካንማ ገመዶች አሳየኋቸው። የካርዳኑን ቦታ የያዙት እነዚህ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ዋናው ባትሪ በአገልግሎት ማቋረጫው ካልተለየ፣ ከዚያም ፋብሪካው የወሰነው ያህል ደቂቃ ካልተጠበቀና በመለኪያ ካልተረጋገጠ፣ ማንም እጁን ሊያቀርብ አይገባም። ጋሼ ልጆቹን ጠርተው ይህንኑ በፊታቸው አስደገሙኝ። ከዚያ "የፋብሪካው መጽሐፍ የታለ?" ብለው ጠየቁ። አብዛኞቹ መኪኖች የገቡት ለቻይና ገበያ ከተሠሩት ነው፤ መጽሐፉም፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውም ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። አንድ ጥራዝ ደብተር አስገዙና "ያወቃችሁትን በአማርኛ እዚህ ጻፉ፤ ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ" አሉን። አሁን ከልጆቹ ጋር እየሞላነው ነው። የፊት ሞተር አወራረድ ላይ ገና አልደረስንም፤ የጻፍነው የማቋረጫው ቦታ በየሞዴሉ የት እንዳለና የጥበቃውን ደቂቃ ነው።